ኮድ ሲገነጠል ፈቃዱ አብሮ ይሄዳል

ፎርክ የሚባለው የአንድ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ኮድ እንዳለ ተወስዶ ከዋናው ፕሮጀክት ውጭ፣ በሌሎች ሰዎች እጅ፣ አብዛኛውን ጊዜም በሌላ ስም ለብቻው ማደግ ሲጀምር ነው። መነሻው ብዙ ዓይነት ነው፦ በአመራሩ ላይ የሚያድር ቅሬታ፣ ባለቤት ኩባንያው ሲሸጥ የሚመጣ ስጋት፣ በቴክኒክ አቅጣጫ አለመግባባት፣ አንዳንዴም የፈቃዱ ራሱ መለወጥ። መገንጠሉን የሚያስችለው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮዱ የወጣበት ፈቃድ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ላይሰንሱ። በአብዛኛዎቹ አገሮች ሕግ የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ ድርሰት በቅጂ መብት ይጠበቃል። የኢትዮጵያው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች ይቆጥረዋል። (የአዋጁ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ኮድ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቶ መገኘቱ ብቻውን ለማንም መብት አይሰጥም። መብቱ የሚገኘው ጸሐፊው መቅዳትን፣ መለወጥንና ማሰራጨትን ከነቅድመ ሁኔታቸው ከፈቀደበት ሰነድ ነው።

ቅድመ ሁኔታዎቹ ለይስሙላ የተጻፉ አይደሉም። በ2008 የአሜሪካ ፌዴራል ሰርኪት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሞዴል ባቡር መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ላይ በተነሳ ክርክር የኦፕን ሶርስ ፈቃድን ግዴታ መጣስ የቅጂ መብትን እንደ መጣስ ሊያስጠይቅ እንደሚችል ወስኗል። ኮዱ በነጻ መሰጠቱ ግዴታውን አላስቀረውም።

የሚገነጠል ቡድን የማንንም ይሁንታ መጠየቅ የለበትም። ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። ይሁንና ኮዱን ወሰደ እንጂ የኮዱ ባለቤት አልሆነም። የወረሳቸው መስመሮች በሙሉ ቀድሞ በነበሩበት ፈቃድ ይቀጥላሉ፤ ቡድኑ በራሱ ምርጫ ፈቃድ ሊሰጣቸው የሚችለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱ ለሚጽፋቸው መስመሮች ብቻ ነው። ያም ቢሆን የአዲሶቹ ፈቃድ ከአሮጌዎቹ ጋር በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አብሮ መኖር መቻል አለበት። ሁለት ፈቃዶች ይጣጣማሉ የሚባለውም በሁለቱ ስር የወጣ ኮድ ተቀላቅሎ ሲሰራጭ የአንዱንም ግዴታ ሳይጥስ ሲቀር ነው። ብዙ ሰው መጣጣምን እንደ ጋብቻ በሁለቱም ወገን እኩል የሚጸና አድርጎ ያስበዋል። እንዲህ አይደለም። መጣጣም አቅጣጫ አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ኮድ በነጻነት ሲሄድ ከሌላው ወደ አንዱ መመለስ ላይችል ይችላል። ከፎርክ በኋላ በሁለቱ ፕሮጀክቶች መካከል የሚኖረውን የዓመታት ግንኙነት የሚወስነው በዋናነት ይህ አቅጣጫ ነው።

ፈቃዶቹ እጅግ ብዙ ቢሆኑም በሦስት ቤተሰብ ይመደባሉ። ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲና አፓቺ 2.0 ልል ፈቃዶች ናቸው፤ የጸሐፊው ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ እንዲጠበቅ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ያለፈ ብዙም አያስገድዱም። በሌላው ጫፍ ያለው ጂፒኤል ኮፒሌፍት የሚባለው መርህ ዋና ተሸካሚ ነው፦ የጂፒኤል ኮድ ያለበትን ፕሮግራም የሚያሰራጭ ሰው ፕሮግራሙን በሙሉ በዚያው በጂፒኤል፣ ከነሶርስ ኮዱ መስጠት አለበት። ታናሽ ወንድሙ ኤጂፒኤል ይህን ግዴታ ፕሮግራሙን ለውጠው በኔትወርክ በኩል አገልግሎት ወደሚሰጡበትም ያሰፋዋል። በመካከል ኤልጂፒኤልና ኤምፒኤል ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው ግዴታውን በላይብረሪው፣ ሁለተኛው በእያንዳንዱ ፋይል ወሰን ያቆመዋል። በጥቅሉ ኮድ ከልሉ ወደ ጥብቁ ይፈስሳል። በኤምአይቲ የወጣ ፋይል ያለ ችግር ወደ ጂፒኤል ፕሮጀክት ይገባል፤ የጂፒኤል ፋይል ግን ኤምአይቲ ሆኖ መቀጠል ወደሚፈልግ ፕሮጀክት ሊገባ አይችልም።

ከልሎቹም መካከል በአንዲት አንቀጽ የተነሳ መንገዱ የተዘጋበት ጊዜ ነበር። በ1991 የወጣው ጂፒኤል 2 ኮዱን የሚቀበለው ሰው ላይ ፈቃዱ ከሚጠይቀው በላይ ተጨማሪ ገደብ መጣልን ይከለክላል። የቀድሞው ቢኤስዲ ፈቃድ ደግሞ ፕሮግራሙን የሚጠቅስ ማስታወቂያ ሁሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን፣ በርክሊን እንዲያመሰግን ያዝዝ ነበር። ይህች ትእዛዝ ተጨማሪ ገደብ ሆና ተቆጠረችና ሁለቱን አለያየች። ችግሩ በዚህ አላበቃም፤ ሌሎች ጸሐፊዎች ፈቃዱን ሲገለብጡ የዩኒቨርሲቲውን ስም በራሳቸው ስም እየተኩ ስለሄዱ ምስጋናው እየተደራረበ መጣ። የጂፒኤል አርቃቂ ሪቻርድ ስቶልማን በ1997 በወጣ አንድ የኔትቢኤስዲ እትም ውስጥ እንዲህ ያሉ 75 ዓረፍተ ነገሮችን ቆጥሯል። ዩኒቨርሲቲው አንቀጹን በሐምሌ 1999 ሰረዘው።

የአፓቺ 2.0 ነገር ደግሞ ስውር ስለሆነ እስከ ዛሬ ብዙዎችን ያሳስታል። በጥር 2004 የወጣው ይህ ፈቃድ ልል ቢሆንም ስለ ፓተንት የሚደነግጋቸው ነገሮች አሉት፤ በኮዱ ላይ የፓተንት ክስ የሚመሰርት ሰው የተሰጠውን የፓተንት ፈቃድ ያጣል። ጂፒኤልን የሚያወጣው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ይህ ከጂፒኤል 2 ጋር አይጣጣምም ይላል። በሰኔ 2007 የወጣው ጂፒኤል 3 ግን አፓቺ 2.0ን እንዲቀበል ታስቦ የተረቀቀ ነው። በመሆኑም አንድ የጂፒኤል ፕሮጀክት የአፓቺ ኮድ መውሰድ ይችል እንደሆነ የሚወሰነው በፋይሎቹ አናት ላይ ባሉት ጥቂት ቃላት ነው፤ "ስሪት 2 ብቻ" ወይስ "ስሪት 2 ወይም ከዚያ በኋላ የሚወጣ"። ሊኑክስ ከርነል የመጀመሪያው ወገን ነው፤ በሩ ዝግ ነው። ሁለተኛውን የመረጠ ፕሮጀክት ፎርክ ሲደረግ ተገንጣዩ ወደ ስሪት 3 ተሻግሮ የአፓቺ ኮድ ማስገባት ይችላል። ያን ጊዜ ግን ወላጁ ከልጁ ለመውሰድ ራሱም ወደ ስሪት 3 መሻገር ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ጎልቶ የሚታየው በኦፕንኦፊስና በሊብሬኦፊስ ታሪክ ውስጥ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ የጀርመኑን ስታርዲቪዥን በ1999 ገዝቶ የቢሮ ሶፍትዌሩን ኮድ በ2000 ኦፕንኦፊስ ዶት ኦርግ ብሎ ለሕዝብ ከፈተው። ፈቃዱ ኋላ ላይ ኤልጂፒኤል 3 ሆነ። ሰን ኮድ የሚያዋጡ ፕሮግራመሮችን ሁሉ በኮዳቸው ላይ የጋራ የቅጂ መብት እንዲሰጡት ያስፈርም ነበር፤ ስለዚህ ሕዝቡ ኮዱን በኤልጂፒኤል ሲያገኝ ሰን ግን በፈለገው ፈቃድ ለፈለገው መስጠት ይችል ነበር። ይህች ፊርማ ያን ጊዜ ብዙ ትኩረት አልሳበችም። በጥር 2010 ኦራክል ሰንን ሲጠቀልል ፊርማውም አብሮ ወደ ኦራክል እጅ ገባ።

በመስከረም 28፣ 2010 የፕሮጀክቱ ነባር ሰዎች ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽንን መመስረታቸውን አስታወቁ። ኦራክል ስሙን እንዲሰጣቸው ጠይቀው ስላላገኙ ልጁን ሊብሬኦፊስ አሉት። ኮዱ የኤልጂፒኤል 3 ስለነበር ተገንጣዮቹ ያለ አማራጭ በኤልጂፒኤል 3 ቀጠሉ፤ አዲስ ለሚጻፈው ኮድ ግን ጸሐፊዎቹ ኤልጂፒኤልንና ኤምፒኤልን ጎን ለጎን እንዲሰጡ ጠየቁ። ሁለተኛው ፈቃድ በዚያች ሰዓት ለምንም አያገለግልም ነበር፤ ከስሩ ያለው የወረሱት ኮድ ኤልጂፒኤል ብቻ ስለነበር ጠቅላላው ፕሮግራም ከዚያ መውጣት አይችልም። አርቆ አሳቢነቱ የታየው ከዓመት በኋላ ነው።

በሰኔ 2011 ኦራክል ኦፕንኦፊስን ለአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሰጠ። የቅጂ መብቱ በእጁ ስለነበር ሺህ ሰዎችን ማስፈቀድ ሳያስፈልገው ያ ሁሉ ኮድ በአፓቺ 2.0 እንዲወጣ ማድረግ ቻለ። ከዚህ ቀን ጀምሮ የሁለቱ ወንድማማቾች ግንኙነት አንድ አቅጣጫ ያዘ። አፓቺ ኦፕንኦፊስ የሚያወጣውን ሁሉ ሊብሬኦፊስ መውሰድ ይችላል፤ ሊብሬኦፊስ የሚጽፈውን ግን አፓቺ ኦፕንኦፊስ መውሰድ አይችልም። ሎተስ ሲምፎኒ ከተባለው የአይቢኤም የቢሮ ሶፍትዌር የመጣው የጎን አሞሌ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ አይቢኤም ኮዱን ለአፓቺ ሰጠ፣ አፓቺ ኦፕንኦፊስ በሐምሌ 2013 በስሪት 4.0 አወጣው፣ በዚያው ወር ሊብሬኦፊስ 4.1ም በሙከራ ደረጃ ይዞት ወጣ። በተቃራኒው መንገድ እንዲህ ያለ ጉዞ አልተደረገም፤ ሊደረግም አይችልም ነበር።

ሊብሬኦፊስ የአፓቺውን መውጣት ለሌላም ነገር ተጠቀመበት። በ2012 ፕሮግራመሮቹ የኮዳቸውን መሠረት ከኤልጂፒኤሉ እትም ነቅለው በአፓቺው እትም ላይ መልሰው ተከሉት። አሮጌው ኮድ አሁን በልሉ የአፓቺ ፈቃድ የተገኘ ሆነ፣ አዲሱ ኮድ አስቀድሞ በሁለት ፈቃድ የተሰጠ ነበር፣ ስለዚህ ጠቅላላው ፕሮግራም በጥር 2012 ወደ ወጣው ኤምፒኤል 2.0 መሻገር ቻለ። ከቆዩት ፋይሎች አንዱን ለሚከፍት ሰው ታሪኩ አናቱ ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው አንቀጽ ፋይሉ የሊብሬኦፊስ አካል እንደሆነና በኤምፒኤል 2.0 እንደሚተዳደር ይናገራል። ከእሱ ዝቅ ብሎ ያለው አንቀጽ ፋይሉ በሚከተለው ፈቃድ የተሸፈነ ሥራ በውስጡ እንደያዘ ይገልጽና የአፓቺን ማስታወቂያ እንዳለ ያስከትላል። አዳዲሶቹ ፋይሎች ይህ ሁለተኛ አንቀጽ የላቸውም። ሊብሬኦፊስን በአማርኛ የሚጠቀም ሰው የሚያያቸው የሜኑ ቃላትም እንዲሁ የተርጓሚዎች ሥራ ሆነው በፈቃድ የሚሰራጩ ናቸው፤ ትርጉምም እንደ ኮድ ይወረሳል፣ እንደ ኮድም ግዴታ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታየት አለበት። አፓቺ ኦፕንኦፊስ ከሊብሬኦፊስ እንዳይወስድ ያገደው ሕግ ብቻ አይደለም። የአፓቺ ፋውንዴሽን ደንብ ጂፒኤልንና ኤልጂፒኤልን በሚያሰራጨው ምርት ውስጥ እንዲገቡ የማይፈቀዱ ብሎ መድቧቸዋል፤ በግንቦት 2012 ስሪት 3.4 ከመውጣቱ በፊትም ቡድኑ የኮፒሌፍት ክፍሎችን እየለቀመ ሲያወጣና ሲተካ ብዙ ጊዜ ፈጅቷል። ሕጉ የሚፈቅደውን የቤት ደንብ ሊከለክል ይችላል። ይህ በሌላ መልኩ ኦፕንኤስኤስኤልና ሊብሬኤስኤስኤል በተባሉት የምስጠራ ላይብረሪዎች መካከል ይታያል። ሃርትብሊድ የተባለው ከባድ የደህንነት ክፍተት በሚያዝያ 2014 ከተጋለጠ በኋላ የኦፕንቢኤስዲ ስርዓተ ክወና ሰዎች ኦፕንኤስኤስኤልን ፎርክ አድርገው ሊብሬኤስኤስኤልን ጀመሩ። ለጥቂት ዓመታት ኮድ በሁለቱ መካከል መመላለስ ይችል ነበር። ኦፕንኤስኤስኤል በመስከረም 2021 ስሪት 3.0ን በአፓቺ 2.0 ሲያወጣ ግን በሩ ከወዲህ በኩል ተዘጋ፤ ኦፕንቢኤስዲ አፓቺ 2.0ን ከቢኤስዲ የበዛ ግዴታ ያለበት አድርጎ ስለሚያይ በመሠረታዊ ስርዓቱ ውስጥ አይቀበለውም። በሕግ በኩል ሁለቱም ልል ናቸው። ልሎች መካከልም እንዲህ ያለ ግድግዳ ይቆማል።

ፈቃዶቹ በቀጥታ ሲጋጩ ደግሞ ግጭቱ ራሱ ፎርክ ይወልዳል። ሲዲ የሚጽፈው ሲዲአርቱልስ የታወቀ ምሳሌ ነው። ዋና ጸሐፊው ጆርግ ሺሊንግ በ2006 አብዛኛውን ክፍል ከጂፒኤል ወደ ሲዲዲኤል ቀየረው፤ ይህ ሰን ከቀድሞው ኤምፒኤል አሻሽሎ ያዘጋጀው ፈቃድ ነው። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ሰዎች ጂፒኤል ሆኖ የቀረው ክፍል ከሲዲዲኤሉ ጋር ተጣምሮ ሊሰራጭ አይችልም አሉ። ሺሊንግ በዚህ ፈጽሞ አልተስማማም፣ እስከ መጨረሻውም ተከራከረ። ዴቢያን ከለውጡ በፊት የነበረውን የመጨረሻ ጂፒኤል እትም ይዞ ሲዲአርኪት የተባለ ፎርክ አወጣ፤ ሲዲ ጸሐፊውን ሲዲሪኮርድን ዎዲም ብሎ ሰየመው። በሕግ በኩል ጥንቃቄው ተገቢ ነበር። ይሁንና ልጁ የሚንከባከበው በቂ ሰው አላገኘም፤ ከ2010 ወዲህ ልማቱ ቆመ ማለት ይቻላል። የፈቃድ ንጽህና ፕሮጀክትን ከክስ ይጠብቀዋል፣ ሕይወት ግን አይሰጠውም።

ያው ግጭት በዜድኤፍኤስ ላይ ከዚህም ርቆ ሄዷል። ሰን ይህን የፋይል ስርዓት በ2005 ከኦፕንሶላሪስ ስርዓተ ክወና ጋር በሲዲዲኤል ከፈተው። ኦራክል በ2010 የኦፕንሶላሪስን ልማት ሲዘጋ ኢሉሞስ የተባለው ፎርክ ኮዱን ተረከበ፤ በ2013 ደግሞ የተለያዩት ወገኖች ኦፕንዜድኤፍኤስ በሚል ጥላ ተሰባሰቡ። ፍሪቢኤስዲ ፈቃዱ ልል ስለሆነ ዜድኤፍኤስን ያለ ጭንቀት አስገባው። ሊኑክስ ግን ጂፒኤል 2 ብቻ ነው፣ ሲዲዲኤል ደግሞ በእሱ ስር ያለ ፋይል በሲዲዲኤል እንዲቀጥል ያስገድዳል፤ ሁለት ኮፒሌፍቶች አንዱን ፕሮግራም እየጎተቱ ነው። ለዚህ ነው ዜድኤፍኤስ ለሊኑክስ ከከርነሉ ውጭ ለብቻው የሚዘጋጀው። ካኖኒካል በሚያዝያ 2016 የወጣውን ኡቡንቱ 16.04ን ከተዘጋጀ የዜድኤፍኤስ ሞጁል ጋር እንደሚያወጣ ሲያስታውቅ ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ ጂፒኤልን ይጥሳል ብሎ በይፋ ተቃወመ፤ ሌሎች የሕግ ባለሙያዎች የላላ አስተያየት ሰጡ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ አልተወሰነም። ኦራክል የሰንን ኮድ ፈቃድ በአንድ ቀን መቀየር ቢችልም ነገሩ በዚያ አይፈታም፤ ከ2010 በኋላ በፎርኩ ውስጥ የተጻፈው ኮድ የበርካታ ሰዎችና ድርጅቶች ንብረት ነው።

ወላጁ ፕሮጀክት ፈቃዱን ሲያጠብቅ የሚደረግ ፎርክ ሌላ መልክ አለው፤ ሰዎች ከለውጡ በፊት ወዳለው የመጨረሻ እትም ተመልሰው ከዚያ ይነሳሉ። አንድ ጊዜ የተሰጠ የኦፕን ሶርስ ፈቃድ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማይነጠቅ ይህ ሁልጊዜ ይቻላል። በየካቲት 2004 የግራፊክ ማሳያ ሶፍትዌሩ ኤክስፍሪ86 ስሪት 4.4ን በአዲስ ፈቃድ አወጣ፤ ከቀድሞው የለየችው ያቺው በቢኤስዲ ያየናት ዓይነት የምስጋና ግዴታ ነበረች። ዋና ዋናዎቹ የሊኑክስ ስርጭቶች አንቀበልም አሉ፤ የኤክስ ዶት ኦርግ ፋውንዴሽን ከለውጡ በፊት የነበረውን የሙከራ እትም መሠረት አድርጎ በሚያዝያ የራሱን አወጣ። በዓመታት ውስጥ ዓለም በሙሉ ወደ ልጁ ዞረ፣ ወላጁ ከ2008 በኋላ አዲስ እትም አላወጣም። አንዲት አንቀጽ ይህን ያህል ዋጋ ታስከፍላለች።

በቅርብ ዓመታት የታየው የፎርክ ማዕበል መነሻው የደመና አገልግሎት ንግድ ነው። ኮዱን የሚጽፉ ኩባንያዎች ትልልቅ የደመና ድርጅቶች ሥራችንን ወስደው በአገልግሎት መልክ ይሸጡታል በሚል ከኦፕን ሶርስ ወጥተው ወደ ገደብ ፈቃዶች ሄዱ። ሞንጎዲቢ በጥቅምት 2018 ኤስኤስፒኤል የተባለውን ፈቃድ አዘጋጀ፤ ኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ ይህ ኦፕን ሶርስ አይደለም ብሏል። ኢላስቲክ በ2021 መጀመሪያ ኢላስቲክሰርችን ከአፓቺ 2.0 አወጣ፤ አማዞን የመጨረሻውን የአፓቺ እትም 7.10.2ን ይዞ ኦፕንሰርችን ፈጠረ። ሬዲስ በመጋቢት 2024 ከቢኤስዲ ሲወጣ ቫልኪ በዚያው ወር ከስሪት 7.2.4 ተነስቶ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ስር ተመሰረተ። አቅጣጫው እዚህም ያው ነው። ቫልኪ ቢኤስዲ ስለሆነ ሬዲስ ከልጁ መውሰድ ይችላል፤ ቫልኪ ግን ከሬዲስ አዲስ ኮድ አንድ መስመር ሊወስድ አይችልም። ለልጁ ቸርነቱ አንዳንዴ ጉዳት ይሆናል፤ ልል ፈቃድ የመረጠ ሰው ግን ይህን አውቆ የመረጠ ነው። ኢላስቲክም ሬዲስም ቆይተው፣ የመጀመሪያው በ2024፣ ሁለተኛው በ2025፣ ኤጂፒኤልን በአማራጭነት ጨምረዋል። ይህ ወደ ኦፕን ሶርስ መለሳቸው እንጂ ለፎርኮቹ በሩን አልከፈተም፤ የኤጂፒኤል ኮድ ወደ ቢኤስዲ ወይም አፓቺ ፕሮጀክት ገብቶ ፈቃዱን ሳይቀይር ማቆየት አይቻልም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለፕሮግራመሩ በጣም አደገኛው ቀን ከለውጡ ማግስት ያለው ነው። ሁለቱ ኮዶች አሁንም መንታ ናቸው፣ ወላጁ ውስጥ የተስተካከለ ስህተት ልጁም ውስጥ አለ፣ እጅ ደግሞ ያንን ማስተካከያ ቼሪ ፒክ አድርጎ፣ ማለትም ነጥሎ ቀድቶ፣ ማምጣት ለምዷል። ሀሺኮርፕ በነሐሴ 2023 ቴራፎርም የተባለውን ሶፍትዌሩን ከኤምፒኤል 2.0 ወደ ቢዝነስ ሶርስ ላይሰንስ ሲያዞር ኦፕንቶፉ ከኤምፒኤሉ ኮድ ተነሳ። በሚያዝያ 2024 ሀሺኮርፕ ኦፕንቶፉ አዲሱን የተገደበ ኮድ ቀድቷል ሲል በደብዳቤ ከሰሰ፤ ነጥቡ "ሪሙቭድ" የተባለ ብሎክን የሚያስተናግድ ኮድ ነበር። የኦፕንቶፉ ቡድን ኮዶቹን ጎን ለጎን አሰልፎ መልስ ሰጠ፦ ሁለቱ የተመሳሰሉት ሁለቱም "ሙቭድ" የተባለውን አሮጌ ብሎክ ስለተከተሉ ነው፣ አሮጌው ደግሞ በኤምፒኤል የወጣ ነው። እንዲህ ያለውን መልስ የሚያስገኘው የተሟላ የለውጥ መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ከየት፣ መቼ፣ በማን እንደመጣ የማይታወቅበት ፎርክ ራሱን መከላከል አይችልም። ሐሳብ የቅጂ መብት የለውም፣ አጻጻፉ ነው ያለው፤ ስለዚህ የወላጁን አዲስ ባህሪ ኮዱን ሳያዩ ራስ ጽፎ ማስገባት ይፈቀዳል። የቢዝነስ ሶርስ ላይሰንስ አንድ ልዩ ነገር አለው፦ የእያንዳንዱ እትም ገደብ ከተወሰነ ጊዜ፣ በቴራፎርም ከ4 ዓመት፣ በኋላ ተነስቶ ኮዱ ወደ ኤምፒኤል ይመለሳል። ፎርኩ የሚጠብቅ ከሆነ ያረጀው ኮድ አንድ ቀን ይደርሰዋል።

ከፈቃዱ ጽሑፍ ባልተናነሰ የቅጂ መብቱ በማን እጅ እንዳለ ይወስናል። የዳታቤዝ ሶፍትዌሩ ማይኤስኪውኤል ጂፒኤል 2 ነው፣ ባለቤቱ ኦራክል ግን ያንኑ ኮድ ጂፒኤልን ለማይፈልጉ ደንበኞች በንግድ ፈቃድ ይሸጠዋል። በ2009 ከማይኤስኪውኤል ተገንጥሎ የተጀመረው ማሪያዲቢ ወላጁ የሚያወጣውን ኮድ በጂፒኤል መውሰድ ይችላል፤ የወረሰው የሌላ ንብረት ስለሆነ ግን እንደ ወላጁ የንግድ ፈቃድ ሊሸጥ አይችልም። ኦራክልም የማሪያዲቢን የጂፒኤል ኮድ ቢወስድ የሚሸጠውን ምርት ያበላሽበታል። ባለቤትነቱ በብዙ ሰው የተበተነ ፕሮጀክት ደግሞ ፈቃድ መቀየር ከፈለገ አድካሚ ሥራ ይጠብቀዋል። ሞዚላ ኮዱን ኤምፒኤል፣ ጂፒኤልና ኤልጂፒኤል በሚል ሦስት ፈቃድ ስር ለማዞር ከ2001 እስከ 2006 ፈጅቶበታል። ኦፕንኤስኤስኤል በ2017 በመቶዎች ለሚቆጠሩ ጸሐፊዎቹ ደብዳቤ ሲልክ መልስ ያልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል ማለቱ ተቃውሞ አስነሳ። ተቃውሞው ትክክል ነበር፤ በቅጂ መብት ዝምታ ስምምነት ሊሆን አይገባም። ፎርክ በልል ፈቃድ ከወላጁ ሲለይ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ጥብቁ መሄድ ይችላል፦ ጊቲ ከተባለው የኮድ ማስቀመጫ ሶፍትዌር የተገነጠለው ፎርጄዮ ኤምአይቲ ሆኖ ቆይቶ ከ2024ቱ ስሪት 9 ጀምሮ ጂፒኤል 3 ሆኗል። ጊቲ ኤምአይቲ እንደመሆኑ ከዚያ ወዲህ ያለውን የፎርጄዮ ኮድ መልሶ አይወስድም።

ይህን ሁሉ በፋይል ደረጃ መከታተል እንዲቻል ኤስፒዲኤክስ የተባለ አጭር የምልክት ስርዓት አለ፤ በ2021 የአይኤስኦ ደረጃ ሆኗል። በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ የምትቀመጠው ምልክት ጂፒኤል 2 ብቻ የሆነውን ጂፒኤል 2 ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነው ትለያለች፤ የሊኑክስ ከርነል ከ2017 ጀምሮ በስፋት ይጠቀምባታል። ተገንጣይ ቡድን ምልክቱን በአዲስ ፋይሎች ላይ ይጨምራል፣ የወረሳቸውን ማስታወቂያዎች ግን አይሰርዝም፤ የአፓቺ ኮድ ካለ ኖቲስ የተባለው ፋይል አብሮ መሄድ አለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባው በባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም በ2018 በተጀመረው ሞሲፕ ላይ ሲሆን ሞሲፕ በኤምፒኤል 2.0 የወጣ ነው። ይህ ፈቃድ ለአገሮች የሚስማማው በፋይል ወሰን የሚቆም በመሆኑ ነው። ኮዱን ወስዶ በራሱ ሰርቨር ላይ ብቻ የሚያሰራ ተቋም ለውጡን የማተም ግዴታ የለበትም። የተለወጠውን ሶፍትዌር ለሌላ ወገን ሲያስረክብ የነካቸው የሞሲፕ ፋይሎች ኤምፒኤል እንደሆኑ ሶርስ ኮዳቸው መገኘት አለበት፤ በራሱ የጻፋቸውን አዲስ ፋይሎች ግን በፈለገው ፈቃድ ሊያቆያቸው ይችላል። ስለዚህ የአገር ልዩ ፍላጎትን በአዲስ ፋይል ለይቶ የሚጽፍ ቡድን ሁለት ጥቅም ያገኛል፦ የፈቃዱ ወሰን ግልጽ ይሆንለታል፣ ከዋናው ፕሮጀክት የሚመጡ የደህንነት ማስተካከያዎችንም ያለ ግጭት ይቀበላል።

ስም ደግሞ ከፈቃዱ ውጭ የሚቆም የንግድ ምልክት ጉዳይ ነው። ሃድሰን የተባለው ፕሮግራም ከኦራክል ሲለይ በ2011 ጄንኪንስ የተባለው፣ ዴቢያንም ፋየርፎክስን ከ2006 እስከ 2016 አይስዊዝል እያለ ያሰራጨው በዚህ ነው። የፊደል ቅርጾች ላይ ስሙ በፈቃዱ ውስጥ ራሱ ይገባል። አቢሲኒካ ሲልና ኖቶ ኢትዮፒክን የመሳሰሉ የግእዝ ፎንቶች የሚወጡበት የሲል ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ማንም ፎንቱን ወስዶ እንዲያሻሽል፣ የጎደለ ፊደል እንዲጨምር ይፈቅዳል። ያሻሻለውን በዚያው ፈቃድ ማውጣት አለበት፣ ፎንቱን ለብቻው አውጥቶ መሸጥ አይችልም፤ ዋናው ጸሐፊ ስሙን ካስጠበቀም ለተሻሻለው ፎንት ሌላ ስም ያወጣለታል።